የውሰት ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው» አሉ የሟች ባል እናት፣ ያልቀመሱትን የሻይ ብርጭቆ ወለሉ ላይ እያስቀመጡ። የአልጋ ቁራኛ ባላቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ከሩቅ የመጡ ናቸው። «ልጄ ደበቀችን። ብትነግረን ኖሮ ዛሬ እዚህ ተኮልኩለን አናለቅስም ነበር።»

በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟችን ሕፃን ጭኗ ላይ ያስተኛችው ታላቅ እኅቷ ግን አልነቀነቀችም። መርፌ ጣት ሲወጋ፣ ደሙ ብቅ ከማለቱ በፊት ጭር ያለች አንዲት ቅጽበት አለች፤ እኅትየዋ ከቀብሩ ወዲህ የምትኖረው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው።

«እትዬ፣ እንዲህ ሲባል ዝም ትያለሽ?» ስትል አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በጆሮዋ ሹክ አለቻት። እኅትማማቾቹ በሚሠሩበት የሸሚዝ ፋብሪካ ቁልፍ የምትተክል ስለሆነች ባልደረቦቿ «ቁልፌ» ይሏታል።

«ምን ልበል?»

«የምታውቂውን ነዋ።»

እኅትየዋ የሕፃኗን ፀጉር መዳበስ ቀጠለች።

በፋብሪካው እርሷ የኮሌታ መስመር አለቃ ስትሆን፣ ሟች ደግሞ በመስመሩ ላይ ስፌቷ ከሁሉ የቀና ሠራተኛ ነበረች። የፋብሪካው ደንብ የታመመ ሠራተኛ በዓመት ዐሥራ ሁለት ቀን ከነደመወዙ እንዲያርፍ ይፈቅዳል። ልጅ የታመመበት ሠራተኛ ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአዳራሹ ያሉ እናቶች የራሳቸውን ደንብ አበጅተው ነበር፦ ልጅ ሲታመም እናት ትታመማለች። ከሁለት ቀን ላላለፈ ሕመም የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፤ የመስመሩ አለቃ በቀሪዎች ደብተር ላይ ምክንያቱን ጽፋ ከፈረመች ይበቃል።

ሟች ወልዳ ሦስት ወር ተኝታ ሥራ በተመለሰች ሰሞን የሕፃኗ ደረት ማፏጨት ጀመረ። የሕፃናት መዋያው የታመመ ልጅ አይቀበልም፤ አባትየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ከወፍ ቀድሞ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ሟች በማለዳ ለእኅቷ ትደውል ነበር።

«እትዬ፣ ደረቷ ይኸው ሊነጋጋ ሲል ተነሣባት። ዛሬ ምን ልታመም?»

«ራስ ምታቱን ባለፈው ሳምንት ወስደሽዋል። ወገብሽን ታመሚ።»

«ኧረ ወገቤን ለእርጅናዬ አስቀምጪልኝ!»

«እንግዲያስ ሆድ ቁርጠት ልበል።»

«እሱ ይሻላል። ከሆዴ የወጣች ናትና ውሸቱ ይቀልልኛል።»

ሁለቱም ይሥቁ ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ዐሥራ ሁለቱ ቀን አለቀ። ሟች ከእነዚያ ቀኖች በአንዱም አልታመመችም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ሟች ከማሽኗ ተነሥታ፣ ቀኝ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ ወደ እኅቷ ጠረጴዛ ቀረበች።

«እትዬ፣ ሆዴን አሞኛል።»

እኅትየዋ ከደብተሯ ቀና ሳትል ሣቀች። «ሆድሽንማ ባለፈው ታመሽ ጨረስሽው! ልጅቷን ምን ነካት ደግሞ?»

«ልጅቷ ደኅና ናት። እኔ ነኝ።»

«ቀንሽ እኮ አልቋል፣ እኅቴ። ያለ ፈቃድ ከቀረሽ ያባርሩሻል። ጭነቱ ሐሙስ ይወጣል፤ እስከ ሐሙስ ቻይልኝ።»

ሟች ፈገግ አለች፤ ውሸት የለመደ ሰው እውነቱ ባይታመንለት ማን ይፈርዳል እንደማለት። «እሺ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ረቡዕን ሙሉ ኮሌታ ሰፋች፤ አንዱም አልተጣመመም። ሐሙስ ጭነቱ ወጣ። በዚያው ምሽት ሐኪም ቤት ስትደርስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። «በሁለት ቀን ቀድማችሁ ብታመጧት…» ብሎ ሐኪሙ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ቅዳሜ አረፈች።

አሁን የሟች ባል፣ ሾፌሩ፣ የሚሄዱትን ለቀስተኞች ሸኝቶ ገባና ከእኅትየዋ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«እትዬ፣ አንቺ አብረሻት ትውዪ ነበር። እኔን ‹ቁርጠት ነገር ነው፣ ያልፋል› ብላ አሳለፈችኝ። ለምን ደበቀችን? አላመነችንም ማለት ነው?»

ቁልፌ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እኅትየዋ ጭኗ ላይ የተኛችውን ሕፃን ተመለከተች። ብትናገር ይህችን ልጅ ዳግመኛ የሚያስታቅፋት ላይኖር ነው። ዝም ብትል ደግሞ ሟች በባሏ ቤተሰብ ፊት፣ ነገም በልጇ ፊት፣ «የደበቀችው» ተብላ ትቀራለች፤ ራሷን መከላከል የማትችል ደግሞ እርሷ ብቻ ናት።

«አልደበቀችም» አለች። «ማክሰኞ ጠዋት ነግራኛለች። ሆዴን አሞኛል አለችኝ። ቀንሽ አልቋል፣ እስከ ሐሙስ ቻይልኝ ያልኋት እኔ ነኝ። የልጅቷን ሕመም በስሟ እየጻፍሁ ቀኗን የጨረስሁትም እኔ ነኝ። ሣቅሁባት።»

«ሣቅሽ?»

«ሣቅሁ።»

የባልየው እናት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። የተናገሩትን ምሳሌ መልሰው ሊውጡት የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

በዚህ መካከል ሕፃኗ ሳለች። ደረቷ አፏጨ። የእኅትየዋና የሾፌሩ እጅ እኩል ተዘረጋና ትንሿ ጀርባ ላይ ተገናኘ። ሾፌሩ እጁን ሊያነሣ ቃጣ። አላነሣም።

«የኔ ፈቃድ ዛሬ ያልቃል» አለ። «እናቴም አባቴን ጥላ አትሰነብትም። ነገ ይህችን ማን ይይዛታል?»

«እኔ እቀራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

እኅትየዋ ሕፃኗን ለአባቷ አቀበለችና ከሐሙስ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ የሰነበተውን የቀሪዎች ደብተር አወጣች። ለሌሎች ስትሞላው በኖረችው ዓምድ የራሷን ስም ጻፈች። ራስ፣ ወገብ፣ ሆድ እያለች ስትደረድርበት ከነበረው ቦታ ስትደርስ እስክሪብቶው ጥቂት ቆመ። ከዚያም አጥርታ «ልጅ ታማብኝ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።

የዚያ ቀን ደመወዟ ተቆረጠ። በወሩ ሌሎቹም የመስመር አለቆች እንደዚያው መጻፍ ጀመሩ። በዓመቱ ፋብሪካው ልጅ ለታመመበት ሠራተኛ ስድስት ቀን ከነደመወዙ ፈቀደ። በዚያ ዓመት ልጅቷ አንድም ቀን አልታመመችም።