አልወልቅ ያለው ጎማ

የመኳንንት ጸሎት ያን ዕለት አንድ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎማው ይውለቅ። መኪና የለውም፤ ነድቶም አያውቅም። ግን በጊሼ ምድር የዚያን ጎማ መውለቅ እንደሱ የተመኘ ሰው አልነበረም፣ ሾፌሩም ጭምር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀበት ዓመት ነው። ፋኖስና የፊደል መጽሐፍ ጭና ወደ ራቤል የምትሄድ ላንድሮቨር ከመኳንንት ደጅ ፊት ለፊት ስትደርስ የፊት ቀኝ ጎማዋ ተነፈሰ። ሾፌሩ ወረደ። መኳንንት ከአጥሩ ላይ ሆኖ ቢያይ ፈንታ ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ይህን ሁሉ ኮረኮንች አልፎ፣ መተንፈሻ ቦታ ጠፍቶ!

ፈንታ ማለት ጥሩሸዋን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ የነበረ ሰው ነው። ጥሩሸዋ ማለት ደግሞ የመኳንንት ሚስት ናት። አባቷ አቶ ኪዳነ ወልድ ያኔ፣ «ርስት ለሌለው፣ በሰው መኪና ለሚንከራተት ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱና ርስት ላለው ለመኳንንት ዳሯት። መኳንንት በዚያ ርስት ጥቂት እንደ ተኩራራ የመሬት አዋጁ መጣና መሬቱ ለሁሉም እኩል ተከፋፈለ። ሚስት ያገኘበት ነገር በአንድ ስብሰባ እንደ ቆሎ ታደለ። የፈንታን ሾፌርነት ግን ማን ይካፈለዋል? ዛሬ ደመወዝ አለው፣ የእጅ ሰዓት አለው፣ መዳፉም እንደ ገበሬ መዳፍ አልሻከረም። መኳንንት ይህን ሁሉ ባንድ እይታ አየና አንጀቱ አረረ።

ቢሆንም ሰላምታ አይነፈግም፤ ተሳሳሙ።

«ጎማ መቀየር ምን አላት፣ አሁን እሄዳለሁ» አለ ፈንታ። በክሪክ መኪናዋን አነሳ፣ ብሎኖቹን አንድ ባንድ ፈታ፣ ጎማውን ሳበ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ዝገት ቸርኬውን ከመሃሉ ብረት ጋር አጣብቆታል። ፈንታ በእርግጫ መታው፤ ከጀርባው በግንድ ደበደበው፤ ናፍታ አፈሰሰበት። ምንም።

መኳንንት ሰማዩን አየ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። መኪናዋ ካልሄደች ፈንታ ያድራል። መንገደኛ በሩ ላይ መሽቶበት «እደር» የማይል ሰው በመንዝም ሆነ በጊሼ ሰው አይባልም። ያደረ እንግዳ ደግሞ እግሩን ይታጠባል፤ የምታጥበውም የቤቱ እመቤት ናት። ጥሩሸዋ ጎንበስ ብላ፣ ገበቴውን አስቀምጣ፣ የዚህን ሰውዬ እግር በሁለት እጇ ይዛ… መኳንንት ከዚህ አልፎ ማሰብ አልቻለም።

«ዞር በል፣ እኔ ልሞክር» አለ።

ወይፈን ታግሎ የሚጥል ሰው ነው። ሳበ፣ አቃሰተ፣ ላቡ ጀርባውን አራሰው። ፈንታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ጎማው የሱ፣ ላቡ የኔ፣ አለ መኳንንት በሆዱ።

በዚህ መሃል ጥሩሸዋ ጠላ ይዛ ወጣች። ነጠላ ቀይራለች። መኳንንት ጎማውን ትቶ ነጠላውን አየ፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው የእሑዱ ነው። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነው።

ፈንታ ተቀብሎ ተጎነጨና፣ «እጅሽ አልተለወጠም፣ ጥሩሸዋ» አለ።

«አባቴ ቤት የጠጣኸው እስካሁን ትዝ ይልሃል?» ብላ ፈገግ አለች። መኳንንት ለሱ እንዲህ ፈገግ ያለችው መቼ እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

ሮጦ ወደ ቤት ገባ። የቀንበር ጠፍር የሚያለሰልስበት የበግ ላት ስብ በቀንድ አለው። የደረቀ ጠፍር ያላላ ስብ የዛገ ብረት እንዴት አያላላም? አቀለጠውና በትኩሱ አምጥቶ በቸርኬውና በብረቱ መካከል አንቆረቆረው። ሐሳቡስ ክፉ አልነበረም፤ የጊሼን ብርድ ግን ረሳው። ነፋሱ አንዴ ሽው ሲል ስቡ ረጋና ጎማው ላይ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

«አሁንማ በሻማ አሸግኸው!» ብሎ ፈንታ ሳቀ። እሱስ ይሳቅ። ጥሩሸዋም ሳቀች። እየተያዩ፣ ባንድ ላይ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መኳንንት እዚያው ቆሞ ቀንዱን እንደ ያዘ ቀናባቸው፤ ባንድ ሳቅ እንኳ ቀናባቸው።

ቀንዱን ጣለና ዲጅኖውን አነሳ። ጎማውን ሊመታ ይሁን ፈንታን፣ እሱም አያውቅም።

ፈንታ ከድንጋዩ ብድግ አለ። «ተው ወንድሜ፣ ትሰብረዋለህ! አንድ ዘዴ አለ። ብሎኖቹን መልሰን ላላ አድርገን እናስራቸውና መኪናዋን አውርደን ወደፊት ወደኋላ እናላት። ክብደቷ ራሱ ያላቅቀዋል። ብቻ በዚህ በኩል ሰው ይቀመጥባት፣ እንድትከብድ።»

«ይህን ዘዴ አሁን ነው ያወቅኸው?» አለ መኳንንት።

ፈንታ ዓይኑን ሰብሮ መፍቻውን ፈለገ።

«እኔ ልቀመጥ» አለች ጥሩሸዋ።

«አንቺ ለጎማው ድንጋይ ያዢ!» ብሎ ጮኸና መኳንንት ራሱ ገባ። ከፈንታ ጎን፣ የሳሙናው ሽታ እስኪሸተው ተጠግቶ ተቀመጠ። መኪናዋ ወደፊት ዘለል አለችና ፍሬን ያዘች፤ ወደኋላ ዘለል አለችና ፍሬን ያዘች። ደግማ ስትዘል ከእግሩ ሥር ጓ! አለ።

«ተላቀቀ!» ብሎ እንደ ሕፃን የጮኸው መኳንንት ነው።

መኪናዋን እንደገና በክሪክ አነሱ፤ ያ ሁሉ መከራ ያሳየ ጎማ በሁለት እጅ ወጣ፤ ቅያሪው ገባ። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ፈንታ መሪውን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ ትንሽ ቆየ። «እደር» የሚባልበት ሰዓት ነው። ጥሩሸዋ ባሏን አየችው። መኳንንት አጥሩን አየ።

«በል፣ ሳይመሽብህ» አለ።

መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር ጠበቀ። ቤት ሲገባ ገበቴው ከመደቡ ሥር ተቀምጧል፤ ውሃው ይተናል። መቼ እንዳሞቀችው አላየም።

«እንግዳችንን ሸኘኸው» አለች ጥሩሸዋ። «መቼም ውሃው አይደፋ። ና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አሸንፏል። ጎንበስ ብላ ቀኝ እግሩን ያዘች። ወትሮ ስታጥበው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሥራ አለባት። ዛሬ ከተረከዙ ጀመረች፤ በጣቶቹ መካከል ቀስ ብላ አለፈች፤ ውሃውን በእፍኟ እያነሳች አፈሰሰች። አንገቷን ስለ ደፋች ፊቷ አይታይም። የእሑዱ ነጠላ ጫፉ ገበቴው ውስጥ ገብቷል፤ ልብ አላለችውም።

እንዲህ አጥባው አታውቅም።

ምነው «እደር» ባልሁት፣ አለ መኳንንት በሆዱ። ቢያድር እንዴት እንደምታጥበው በዓይኔ አይቼ እገላገል ነበር። ምናልባት እንደ ማንም መንገደኛ አጥባ ትተወው ነበር። አሁን ማን ይነግረዋል? እሷን አይጠይቃት ነገር።

«ይበቃል» አለና እግሩን ሳበ።

«ግራው ገና ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።