መብራቱ ሳይመጣ

የእስክሪብቶ ቀፎዋን ብሎን የማስቀምጥበት ሳህን ላይ ያየኋት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጣት የማታህል፣ በምላጭ ቆርጬ ያዘጋጀኋት ቁራጭ ላስቲክ ናት። በዚያ ሰዓት መገኘት የነበረባት ግን እህቴ ቤት፣ ጠዋት ጠግኜ በሰጠኋት ቬንትሌተር የብረት አንገት ውስጥ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። በአሮጌ ቬንትሌተር ሽቦው ወደ ሞተሩ የሚወጣው በብረቱ አንገት ውስጥ ሾልኮ ነው። የሽቦው ልባስ በዕድሜ ብዛት እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይረግፋል። ስለዚህ እኔ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ አለብሰዋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ መጽሐፍ ተውሼ፣ የተጣለ ራዲዮ ፈትቼ፣ ሁለት ጊዜ ነዝሮኝ የተማርኩት ነው። ቀፎዋ ከሌለች እርቃኑን የቀረው ሽቦ ብረቱን ይነካል። ብረቱን የነካ ሰው ዕጣ ፈንታ ደግሞ በቆመበት ነገር ይወሰናል። እኔ የፈተሽኩት እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር። ሲዞር አይቼ፣ "በይ እታለም፣ ንፋስሽን ተሸክመሽ ሂጂ" ብዬ ሸኘኋት።

እንዴት እንደረሳሁም አውቃለሁ። እህቴ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ እኔ ስለ ባለሰርተፍኬቱ እያወራሁ ነበር፤ አደባባዩ ጋ ሱቅ ከፍቶ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ስለሰቀለው ጠጋኝ። "ሰርተፍኬቱ ካልተሰካ አይሠራም" ብዬ ሳስቃት፣ ቀፎዋን ከሳህኑ የማነሳበት ቅጽበት አለፈ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ሲያመልጥ እጄም አብሮት አመለጠ።

እህቴ ቤት በጋው ሲጠና ምን እንደሚደረግ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ይደፋል። ሁሉም በባዶ እግሩ እርጥቡ ላይ ይዘረጋል፤ ቬንትሌተሩ መሀል ይቆማል። ፌንጣ የምንላት የእህቴ ልጅ፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ መሬት የምትነካው ለመዝለል ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አፏን የቬንትሌተሩ ወንፊት ላይ ደቅና "አአአ" ትላለች፤ ንፋሱ ድምጿን ሲቆራርጠው በሳቅ ትፈርሳለች። ወንፊቱን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው።

መብራት የጠፋው ገና ከቀትር በፊት፣ እህቴ ከእኔ ዘንድ እንደወጣች ነበር። በፈረቃ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል። ስልኳ ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው። ቻርጅ ማድረግ የምትረሳ ሴት ናት፤ መርሳት እንግዲህ በዘር ሳይሆን አይቀርም።

በር ላይ እማዬ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። "በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው? ሀብሃቡን ልቆርጠው ነበር።"

"ይቆየኝ።"

"ፊትሽ ምን ሆኗል?"

"ሙቀት ነው እማዬ" አልኳትና ወጣሁ። ለእሷ ብነግራት እዚያው ትወድቅብኛለች፤ ያን ጊዜ የምሮጥላቸው ሁለት ይሆናሉ።

አስፋልቱ ቀልጦ ጫማዬን ይስባል። እሮጣለሁ፣ ሲያልበኝ ደግሞ ላቡ ይቀዘቅዘኛል። አይስክሬም ቤቱ ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ማቀዝቀዣው ስለጠፋ ባለቤቷ ከመቅለጡ በፊት ለአላፊ አግዳሚው በነፃ እያደለች ነው፤ ትልቅ ትንሹ ክርኑ ድረስ እየተንጠባጠበበት ይስቃል። በሌላ ቀን ቢሆን ከፊት የምሰለፈው እኔ ነበርኩ።

"አንቺ ባለካቻቢቴ፣ መብራቱን አምጪልን እንጂ!" አለችኝ ሴትዮዋ።

አገር ምድሩ ይምጣ እያለ የሚለምነውን፣ እኔ ብቻዬን አይምጣ እያልኩ በሰው መሀል በክርኔ አለፍኩ። "ምን ነክቷት ነው?" ሲል ሰማሁ አንዱ። "ስድቧን ቤቷ ረስታው ነው" አለው ሌላው።

አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ይላል። የእህቴ ቤት በእግር ገና ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። ባለሰርተፍኬቱ ሱቁ ጥላ ሥር፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ አይስክሬሙን ይልሳል።

"ኢንጂነር" አለኝ፣ "እሳት አደጋ ገባሽ እንዴ?"

"እህቴ ቤት አድርሰኝ።"

"እኔን? ባለወረቀቱን?" ሳቀ። "እስቲ ምክንያቱን ንገሪኝ፤ ለሞተሬ የምነግረው እንኳ ይኑረኝ።"

ለዚህ ሰው ከምነግረው ብዬ በእግሬ መሮጥ አማረኝ፤ አንድ እርምጃም ተራምጃለሁ፣ አልክድም። ከዚያ የፌንጣ ሁለት እጆች ታዩኝ።

"የእህቴን ቬንትሌተር ሽቦውን ሳላለብስ ሰጥቻታለሁ" አልኩ። "አንገቱ ብረት ነው። ወለሉ ላይ ውሃ ደፍተዋል። ልጅ አለች።"

አይስክሬሙን ወረወረው። ሞተሩን ሲያስነሳ "ከኋላዬ ውጪ" ብቻ ነው ያለኝ። አለመቀለዱ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

በጠባቡ መንገድ ውስጥ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ በራሳችን እየመታን ስናልፍ እቆጥራለሁ፤ ምን እንደምቆጥር አላውቅም። የእህቴ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ፀጉር ቤቱ ደርሰናል፤ ውስጥ አንዱ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ መብራት ይጠብቃል። ልክ በአጠገቡ ስናልፍ፣ ገና ዘጠኝ ሳይሞላ፣ መላጫው መንዘር ጀመረ። "መጣ፣ መጣ" የሚል የልጆች ጩኸት ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ ቀደመን።

ሞተሩ ሳይቆም ወረድኩ፤ ጉልበቴ ጠጠሩ ላይ ተላጠ። ወደ ቤት አልገባሁም። ቆጣሪው በውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ክዳኑን ገነጠልኩና ማጥፊያውን ወደ ታች ሳብኩት። ከዚያ በኋላ ከውስጥ ድምፅ ጠበቅኩ። አልነበረም። በሩን የገፋው ባለሰርተፍኬቱ ነው።

ወለሉ በውሃ ያብረቀርቃል። ቬንትሌተሩ በጎኑ ወድቋል፣ ክንፉ ገና በዝግታ ይዞራል። ፌንጣ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላለች፤ ቀኝ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ዓይኗ ፈጦ። እህቴ ተንበርክካ ትከሻዋን ትወዘውዛለች።

"ነከሰኝ" አለች ፌንጣ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

"ገና ጣቷን ስታስጠጋ ወርውሮ ጣላት" አለች እህቴ። "ማነው መብራቱን ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ያስነከስኳትም እኔ ነኝ። ማልበስ የነበረብኝን ሽቦ ረሳሁት።"

ባለሰርተፍኬቱ የልጅቷን ጣቶች አየ፣ አንጓዋን ይዞ የልብ ምቷን ቆጠረ። "ደህና ይመታል። ግን ሐኪም ይያት። ከኋላዬ ውጪና እቀፊያት" አላት እህቴን።

እህቴ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ድምጿ የጎረቤት ሴት የምታናግር ይመስል ነበር።

"ካውያውን የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"የውሃ ማሞቂያውንም?"

"አዎ እታለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ማሞቂያውን ስሠራ ምን እያወራሁ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ እጄ ምን ይሠራ እንደነበር ግን አልታወስ አለኝ። መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ብቻዬን ቀረሁ። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ ማሞቂያውን ነቀልኩ። ከውጭ ሰፈሩ ሁሉ ተነስቷል፤ ራዲዮ ይዘፍናል፣ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል፣ እዚህም እዚያም የሚዞር ክንፍ ይሰማኛል። በዚህ በጋ አሥራ አንድ ቬንትሌተር ጠግኛለሁ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ እያነሳሁ ሽቦውን ማልበሴን ለመማል ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።

ከሁሉም የሚቀርበው ሁለት በር ተሻግሮ ያለው ነው፤ ጡረታ የወጡት መምህር ቤት። የተላጠ ጉልበቴን እየጎተትኩ ሄጄ አንኳኳሁ። በእርጥብ እግራቸው ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ንፋሱ መጋረጃውን ይነፋዋል።

"ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን አይንኩት። ከሶኬቱ ልንቀለው።"

"ለምን ልጄ? ኧረ በጣም ጥሩ አድርጎ ይሠራል።"

"የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ ነው" አልኳቸው።