የዳቦ ፍሬው ወተት

ሐኪሙ አባቴን እህል የሚባል ነገር እንዳይነካ ከከለከለው አምስተኛው ዓርብ ነበር። በእኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር በኮንሴት ቤይ ደግሞ ያለ ኩኩ ዓርብ የለም። ኩኩ ከበቆሎ ዱቄት በባሚያ ውሃ ይገነፋል፣ በበራሪ ዓሣ መረቅ ይበላል። አባቴ ኤልሪክ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እናቴ ባለፈው ዓመት እስክትሞት ድረስ፣ ከዚያም እኔ እየሠራሁለት፣ አንድም ዓርብ ኩኩ ቀርቶበት አያውቅም። አሁን ድንቹንም ሾርባውንም እየገፋ ይነሳል። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በገመድ ያስረው ጀመር። እኔም ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እናደዳለሁ።

«ኩኩ ከሌለ ምን ልሁን ብዬ እበላለሁ?» ይለኛል።

«እንዳትሞት ነዋ!»

«ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ አልሞትኩም፤ ይበቃኛል።»

ያለ እህል ኩኩ እንደሚሠራ አገር ያውቃል፤ እንደ ድንች ተቀቅሎ በሚበላው በዳቦ ፍሬ ነው። ስሟ ዳቦ ይሁን እንጂ እህል የሚባል የለባትም። ዛፉም ወጥ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ቆሟል። ችግሩ የወንድሜ የላይል ዛፍ መሆኑ ነው። ላይል ሲወለድ አባቴ እትብቱን ቀብሮ በላዩ ላይ ችግኝ ተከለበት። ላይልን በሃያ ሁለት ዓመቱ ከነጀልባው ባሕር በላው፤ የምንቀብረው ሬሳ እንኳ አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት አባቴ ከዚያ ዛፍ አልቀመሰም። ፍሬው ወድቆ ይበሰብሳል፤ እኛም ዝም ብለን እንጠርጋለን።

ያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ የዳቦ ፍሬ ፍለጋ ገበያ ሄጄ ነበር። ያገኘሁት ሁሉ በስሎ የላላ ነው፤ ለኩኩ ጠንከር ያለው ነው የሚሆነው። አባቴ ጀልባዎቹን ሊያይ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የጎረቤታችንን የሚስ ዩዶራን ረጅም ዘንግ ልዋስ ሄድኩ።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለላይል ዛፍ።»

እኚህ ምላሳቸው የማያርፍ ሴትዮ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዘንጉን ሰጥተውኝ ቤታቸው ገቡ።

ፍሬውን በዘንጉ አውርጄ፣ ልጬ ቀቀልኩ፣ ትኩሱን ወቀጥኩት፣ የባሚያውን ውሃ ጠብ እያደረግኩ በእናቴ ማማሰያ አማሰልኩት። ቅቤ በቀባሁት ጎድጓዳ ሳህን እያንከባለልኩ ቅርጽ አስያዝኩትና ዝርግ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ነጣ ከማለቱ በቀር ኩኩ ነው።

«ከምን ነው?» አለ አባቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ።

«ከዳቦ ፍሬ። ከገበያ ገዝቼው ነው።»

ሳህኑን ትቶ እጅጌዬን አየ። ከዛፉ ገና የተቆረጠ የዳቦ ፍሬ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ልብስ ላይ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ነው፣ አይለቅም።

«የገበያው ወተቱ ደርቆ ነው የሚመጣው፣ ማርቫ» አለኝ።

በሐፍረት ሳህኑን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«እናትሽም እንዲህ እጅጌዋ ላይ ይዛ ትመጣ ነበር። ከዩዶራ ቤት። የዚህን ዛፍ ፍሬ እዚያ እየሠራች ትበላው ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ። እኔ ልጄን የምበላ እየመሰለኝ እምቢ አልኩ። እሷ ደግሞ ልጇን ሌላ የት ታግኘው? እኔን ፈርታ ተደብቃ በላች፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። አንድ ቀን እንኳ ነይ እዚሁ ሥሪው አላልኳትም።»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ላይል የጠፋ ጊዜ እንኳ። አሁን አለቀሰ። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ መረቁ ቀዘቀዘ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የኩኩውን መሃል በማንኪያ ጎድጎድ አደረገና መረቁን አፈሰሰበት። ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኘከ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«ሐኪሙ ጨውም ቢሆን...»

«ሐኪሙን ተይው።» ደግሞ ጎረሰና በመስኮቱ ዛፉን አየ። «ዩዶራን ጥሪያት። ሳህን ጨምሪ፣ አንቺም ተቀመጪ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማንም ተደብቆ አይበላም።»