አውሬው ማንንም አልበላም

«ነጠላውን እንዳትነኪው!»

ትህትና ቴሌቪዥኑን የሸፈነውን ነጠላ ጫፍ እንደያዘች ቆመች። ባሏ ሙላው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነጠላውን ያለበሰችው ከማሻ የመጣችው ታላቅ እህቱ እታገኘሁ ናት። እስከ አርባው ሐዘን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አይከፈትም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው፣ እትዬ። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ለሬሳ?»

«በሕይወት ሳለ።»

ለቀስተኞቹ ንፍሮ መዝገናቸውን ተዉ። ሹክሹክታው ሦስት ቀን ሙሉ ሲከተላት ሰንብቷል። ሙላው ያንን የድራማ አውሬ በደብተር እየጻፈ፣ ስሙን እየጠራ፣ በራሱ ላይ አመጣው ይላሉ። ሐኪሙ ልብ ነው ማለቱን መስማት የፈለገ የለም።

ድራማው ሐይቅ ዳር ያለች መንደር ታሪክ ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ያጓራል፤ መልኩን ግን ያየው የለም። እሑድ በመጣ ቁጥር የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ይከራከራል። ዲሽ ገጣሚው ሁዜይፋ «ወላሂ ዘንዶ ነው» ይላል። የኬሚስትሪ መምህርቷ ትህትና የመንደሩ ባለወፍጮ ቆዳ ለብሶ ነው ባይ ናት። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሙላው ብቻ ከሁሉም ተለየ።

«አውሬው ማንንም አልበላም» አላት አንድ ቀን። «ሰዎቹ በገዛ እግራቸው ሄደው ነው። ቤት ለቀሩት ጥለውን ሄዱ ከማለት ተበሉ ማለት ቀለላቸው።»

«ታዲያ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«እሱን አብረን እናያለን።»

የተሳሳተ የሌላውን ጫማ ይወለውላል፤ ውርርዳቸው ይህ ነበር። እሷ ስትሸነፍ አጠገቧ ቁጢጥ ይልና ጫማውን እያገላበጠ «ተረከዙ ቀርቷል፣ ቲቸር» ይላታል። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖም አልተዋትም። «እኔ ባልደርስ አንቺ እዪው። እንዳታጭበረብሪ ደግሞ!»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለች እታገኘሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ሁሉ ብሏል፤ ዝም ብዬ ሰማሁ። ወንድምዎን አውሬ አልበላውም፣ እትዬ። የሞተው በልቡ ነው። እጁን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላውን ሳበችው። አራት ላይ አጠፈችና በሁለት እጇ ለእታገኘሁ ሰጠቻት።

ቴሌቪዥኑን ከፈተችው፤ ምስሉ ግን እምቢ አለ። በር ላይ የቆመው ሁዜይፋ ኮፍያውን ኪሱ ከትቶ ገባና ገመዱን ነካካ። «አብሽሪ» አላት በሹክሹክታ። «ለዘንዶዬ ስል ነው።»

ምስሉ መጣ። ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ቀስ በቀስ በርጩማቸውን አዞሩ። መጨረሻ ላይ ጉሙ ገለል አለ። ከሐይቁ በላይ ያለው ገደል ወገብ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ታየ፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ያጓራል። ከዚያ አንድ ሩቅ ከተማ ታየ። ተበልታ ቀረች የተባለችው ልጅ ሱቅ ከፍታ ጨርቅ ትለካለች።

«አይ ሙላው!» አለ ሁዜይፋ። «ዘንዶዬን ገደልክብኝ!»

አንዱ ሳቀና አፉን ያዘ።

እታገኘሁ ነጠላውን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። «እሱ ያለው ነው?»

«እሱ ያለው ነው።»

ትህትና ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ተነሣች። እታገኘሁ ለነዳያን ብላ የሙላውን ልብስ የከተተችበት ማዳበሪያ በር ሥር ተቀምጧል። ከውስጡ ጥቁር ጫማውን አወጣች፤ ቀለምና ብሩሹንም ከአልጋ ሥር አመጣች። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ለሚሰጥ ጫማ መወልወሉ ምን ይሠራለታል?» አለች እታገኘሁ። አሁን ድምፅዋ ቁጣ የለውም።

«ተሸንፌ ነው፣ እትዬ።»

አፍንጫው እስኪያብለጨልጭ ወለወለችው። መሬት ልታስቀምጠው ስትል እጇ ቆመ። ጫማውን አዞረችና ብሩሹን እንደገና ቀለም አስነክታ ተረከዙን ጀመረች።