ጨው አንሶታል

ልጄ አስጎብኚ ልትሆን ተነሳች። የምታስጎበኘው ሙዚየም እንዳይመስላችሁ፤ እኛን ነው፣ የገበያውን ምግብ ሻጮች። እንግዶቹን ከአንዱ መጥበሻ ወደ ሌላው ድስት እያዞረች ታስቀምሳለች። የዛን ቀን ሙከራዋ ነበር። ቀጣሪዋ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴትዮ፣ ከኋላ ሆና ታያታለች። ነገሩ ከሰመረ ልጄ ትቀጠራለች፤ ካልሰመረ ተመልሳ እኔው ጋ ድንች መላጥ ነው።

«እማዬ» አለችኝ ጠዋት፣ «ለአንድ ሰው ሁለት ቁራጭ ድንች ብቻ። ቀምሰው ይለፉ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ ስትዪ ነው የምፈራሽ።»

ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ግን ርቦት የመጣን ሰው ሁለት ቁራጭ ድንች እንደ ኪኒን ላስውጠው? እጄ እምቢ አለኝ። እንግዶቹ ሲመጡ ወረቀቱን ጠቅልዬ እስከ አፉ ሞላሁላቸው። ባለባርኔጣው ሽማግሌ «ኧረ በቃኝ» ሲሉ «በሞቴ» ብዬ ደገምኳቸው። ልጄ ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ እኔ ደግሞ ጨምሪ ያለችኝ መስሎኝ ጨመርኩ።

ሄዱ። አላስችል ቢለኝ መጥበሻዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። ዓሣ ጠባሹ ጋ ሽማግሌው የሚያዩት ዓሣውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። በቆሎ ጠባሿ ጋ አንዷ እንግዳ ቀበቶዋን ፈታች። ቀጣሪዋ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ አልወደድኩትም።

ዞረው ዞረው መጨረሻቸው ከኔው ጀርባ የምትሸጠው ባለሾርባዋ ጋ ነው። እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ለሷ ድስት ነው ይባላል። እኔና እሷ ግን አንነጋገርም። የዝናብ ውሃ ከሸራዋ እየተንጠባጠበ የጋለ ዘይቴ ውስጥ ሲገባ «ሸራሽን አዙሪ» ብላት «አንቺ መጥበሻሽን አዙሪ» አለችኝ። በዚያው ቀረን። ድስቷንም ቀምሼ አላውቅ።

ቀዳችላቸው። ማንኪያ ያነሳ የለም፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይሳሳቃል። ባለሾርባዋ ድስቷን ከደነች።

«የኔ እናት» አለቻት ልጄን፣ «የጠገበ ሰው እየነዳሽ ወደኔ አትምጪ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ።»

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያጠገብኳቸው እኔ፣ የምትባረረው እሷ። አጠፋሁ ልል ነበር፤ አፌ ግን ቃሉን አልለመደውም። በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

«ቅጂልኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ። ሰው ሳበላ እህል አልቀመስኩም።»

ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተራ ምስር ነው፤ ግን አንጀት ያርሳል። ሁሉም አፌን ያያል።

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

«አላነሰውም።»

«አንሶታል።»

«የዘይት ጢስ ምላስሽን አደንዝዞት ነው።»

«ምላሴ ደህና ነው። እንግዶቹ ይፍረዱን።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ማንኪያ አነሱ። ጠጡ፤ ደገሙ። «በአንድ ማንኪያማ አይፈረድም» ብለው ሳህኑን ወደራሳቸው ሳቡት። ባለቀበቶዋ «ትንሽ አንሶታል» ስትል ባሏ «የለም፣ ጨዉ ልክ ነው» ብሎ ተነሳባት። ልጄ መሃል ገብታ ዳኛ ሆነች፤ ለየወገኑ እያስቀዳች ታሟግታቸዋለች። እየተከራከሩ ድስቱን አጎደሉት።

ቀጣሪዋ መነጽሯን ወደ ፀጉሯ መለሰች። «ሰኞ ጀምሪ» አለቻት። «ጠቡም ይቀጥል። ድንቹ ግን ሁለት ቁራጭ።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር በርጩማዬን ስቤ ጨው አንሶታል እላለሁ፤ ባለሾርባዋም ምላሴን ትሰድባለች። ድንቹን ሦስት አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ በታች እጄ አይወርድም።

ትናንት የእውነት አንሶት ነበር። እሱን ግን እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ጆሮዋ ላይ ነው የነገርኳት።