«ተሻለው» ተብሎ ተደወለ

በዚያ ጠዋት ባለቤቴ እንደ ወትሮው ተላጨ፤ ሸሚዙን ለበሰ፤ ሻይ ቀዳሁለት። ጉንፋኑ ሳምንት አልፎታል። ታናሽ ወንድሙ ሊጠይቀው መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ባለቤቴ ወሬ ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሁለት ቃል ጨመረ፤ ደግሞ ቆመ።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ወሬውን በችርቻሮ አደረግከው?» አለ ወንድሙ።

ወሬ መውደዱ የቤተሰቡ መቀለጃ ነበርና ሳቅን። እሱ አልሳቀም። አየር በሳበ ቁጥር አንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይርገበገባል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጋደም ላደርገው ስል እጄን ገፍቶ ጉልበቱን ተደግፎ ተቀመጠ። ታክሲ ጠራን።

ሆስፒታል የኦክሲጅን ጭምብል አደረጉለት። ነርሷ የአልጋውን ራስጌ ቀና አድርጋ፣ «እንዳታስተኙት፤ ነገር ከተለወጠ ጥሩኝ» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ትግል ቆመ። ትከሻው ረገበ፤ ዓይኑ ተከደነ። ወንድሙ እፎይ ብሎ ኮሪደር ላይ ወጣና ሌላ ከተማ ለምትኖረው እናታቸው ደወለ።

«እማዬ፣ ተሻለው። እንቅልፍ ወሰደው።»

ነርሷ ስትመለስ ትከሻውን ነቀነቀችው፤ በስሙ ጠራችው። አልመለሰም።

«ይሄ እንቅልፍ አይደለም። መተንፈሱ አድክሞት ነው» አለችና ሐኪሙን ተጣራች።

በጉሮሮው ቱቦ አስገቡለት፤ መሣሪያ ይተነፍስለት ጀመር። በማግስቱ አረፈ።

ለእናቱ የሚነግር ጠፋ። «ልቧ ደካማ ነው፤ ቀስ ብለን» ተባለ። እሷ ግን በየጠዋቱ ትደውላለች።

«እንዴት አደረልኝ?»

«ደህና ነው እማማ፤ ቤት ገብቶ ተኝቷል። ጉሮሮው እስኪድን እንዳይናገር ተከልክሏል።»

ይህን ባልኩ ቁጥር መኝታ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ አየር ይስባል። ሄጄ አላይም።

ትናንት፣ «እንቅልፉ በዛብኝ» አለች። «አትቀስቅሺው። ስልኩን ብቻ አፍንጫው ሥር አድርጊልኝ። ሕፃን ሳለ ትንፋሹን ሳልሰማ አልተኛም ነበር። ዛሬም ብሰማው አውቀዋለሁ።»

መኝታ ክፍል ገባሁ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጬ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም እኔም ጠበቅን። የኔን ሰምታ የሱ እንዳይመስላት ትንፋሼን ያዝኩ።

«ምንም አይሰማኝም፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ።

ስልኩን አነሳሁት።

«እማማ፣ ልጅዎ የለም» አልኳት። «እዚህ ቤት የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ።»