ያልያዘው ኮላ

አባቴ አፍንጫ የለውም። ፊቱ ላይ አለ፤ ሥራውን ግን ካቆመ ቆይቷል። ዕድሜ ልኩን ቫርኒሽና ሰጋቱራ ሲስብ ኖሮ፣ ዛሬ አጠገቡ ድስት እያረረ ቁጭ ብሎ መሮውን ይስላል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ቤቱ ቢቃጠል የሚያውቀው እሳቱ ሱሪው ላይ ሲደርስ ነው እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቃል። ይህን አስቀድሜ የማወራው ወድጄ አይደለም፤ ማሽተት ቢችል ኖሮ ከሆነው ሁሉ ምንም አይሆንም ነበር።

የእንጨት ሥራ ቤታችን ከመኖሪያችን ጋር በአንድ በር ይገናኛል። አባቴ ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ይገጥማል። ታናሽ ወንድሜ ይሸከማል፣ የታዘዘውን ይሠራል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። አባቴ ምስማር አይወድም፤ ወንበር በምስማር የሚመታ ሰው ሲያይ የተሰደበ ይመስል ፊቱ ይጠቁራል። የእሱ ወንበር እንጨት እንጨት ውስጥ ገብቶ በኮላ ተይዞ ነው የሚቆመው። ኮላውም በጠርሙስ የሚሸጠው ነጩ አይደለም፤ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ሳሙና በቁራጭ የሚሸጠው የድሮው ኮላ ነው። ማታ በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ ይሰባብረውና ጣሳ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ጠዋት ጣሳውን በፈላ ውሃ መሀል አስቀምጦ ቀስ እያለ ያቀልጠዋል። እሳት ከበዛበት ያርራል፤ ካረረ ደግሞ አይይዝም። ኮላ ማሳረር የጀማሪ ጥፋት ነው።

ወንድሜ ሐሺሽ ያጨሳል። መጀመሪያ ቤት ያመጣው ለእናቴ ነበር። ሕመሙ አጥንቷ ድረስ ገብቶ የሐኪሙ ኪኒን አልበቃ ሲላት፣ የሆነ ሰው ይህ ያስታግሳል አለውና ይዞላት መጣ። አስታግሷት ይሁን ወይ እኛ ተመኝተን ይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ ለጥቂት ሰዓት ማቃሰቷን ታቆም ነበር። ሕጉ ግን ለታመመ ነው፣ ለደህና ነው ብሎ አይለይም። አንድ ቀን ለእሷ ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ተያዘ። ዳኛው የመጀመሪያው ጥፋቱ ስለሆነ ብለው እስራቱን በገደብ አደረጉለት፤ ሁለተኛ ከተገኘበት የድሮውም ያዲሱም ተደምሮ እንደሚታሰር አስጠነቀቁት። አባቴ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ፣ ሁለተኛ እኔ ቤት ውስጥ ካየሁት እጅህን ይዤ ጣቢያ የማስረክብህ እኔው ነኝ አለው። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

እናቴ ሞተች። ለእሷ የመጣው ቀረና ወንድሜ እሱን ጨረሰው፤ ከዚያ ሌላ አመጣ። በቀብሯ ቀን ዓይኑ አልረጠበም። እኔም እምብዛም አላለቀስኩም፤ የእኔ ግን ድካም ነው። አንድ ቀን ሲያጨስ ምን እንደሚሰማው ጠየቅኩት። ምንም፣ አለኝ። የሚወደውም ይኸንኑ ነው፣ ምንም አለመሰማቱን። መጋዝ ሊያመጣ ይገባና ለምን እንደገባ ረስቶ ግድግዳ ሲያይ ይቆያል። አንዳንዴ ደግሞ ልቡ ከመሬት ተነስቶ መደለቅ ይጀምርና፣ ሰው ተከተለኝ ብሎ በር ይቆልፋል።

እንዲህ ሲፈራ ነው ነገሩን የሠራው፤ ለእኔ የነገረኝ በኋላ ቢሆንም። ፖሊሶች በሰፈሩ ሱቆች ሲዞሩ አየና፣ የነበረውን አንድ ድፍን የሐሺሽ ቁራጭ የኮላው ሳጥን ውስጥ ከኮላዎቹ መሀል ወሸቀው። መልኩም ውፍረቱም አንድ ነው፤ ፖሊስ ከየት ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ብልሃቱ ክፉ አልነበረም። ፖሊሶቹ ከበር ላይ ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ወንድሜም የት እንደወሸቀው ረሳ። ፍራሽ ሲገለብጥ፣ ኪስ ሲያራግፍ ሰነበተ። ምን እንደጠፋበት ገብቶኝ በሆዴ እሰይ አልኩ።

አባቴ ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል፤ አሁን አሁን የሚያየው በጣቱ ነው። በዚያው ሰሞን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ወንበር ሲሠራላት ነበር። ከሳጥኑ ዘግኖ ሰባበረ፣ ዘፈዘፈ። ጠዋት ሲያቀልጠው እኔ ቫርኒሽ ፍለጋ ወጥቻለሁ፣ ወንድሜ ተኝቷል፣ የአባቴ አፍንጫ እንደምታውቁት ነው። ወንበሩ ተገጠመ፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ አማረ። ልብስ ሰፊዋ ወሰደችው። ብዙም ሳትቀመጥበት እግሩ ከመጋጠሚያው ወልቆ ከነመቀሷ ወደቀች። የተሰበረው ቀኝ አንጓዋ ነው፣ ጨርቅ የምትቆርጥበት እጇ።

አባቴ የወንበሩን ስብርባሪ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ተቀምጦ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ኮላው በጥፍር ሲነካ ይረግፋል።

"አሳርሬዋለሁ" አለ።

ኮላው ራሱ የተበላሸ ይሆናል፣ ነጋዴው አታልሎህ ይሆናል ብዬ ለማስተባበል ሞከርኩ። ራሱን ነቀነቀ። ጣሳውን እሳት ላይ መቼ እንዳኖረ፣ መቼ እንዳወረደ አስታውሳለሁ ብሎ ያስብ እንደነበር፣ አሁን ግን ማስታወሱን ራሱን እንደማያምነው ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእኔም አባት እንዲህ ነው የጀመረው አለ። አያቴ መጀመሪያ ቁልፍ ይጥል ነበር፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ ጠፋው፣ በመጨረሻ የሚያጎርሰውን ልጁን አንተ የማን ልጅ ነህ ይለው ነበር። ያጎርሰው የነበረው አባቴ ነው።

ሽርጡን ፈትቶ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይፈትናል። የመሮዎቹን ተራ በቃሉ ይላል፣ የእናቴን የሞት ቀን ይላል፣ ትናንት ምን እንደበላ እኔን ይጠይቀኛል። ስመልስለት ፊቴን ያጠናል፣ እያባበልኩት እንደሆነ ለማወቅ። መላጊያዎቹን ለማዶው አናጢ ልሰጥ ነው፣ ሰው እጅ ላይ ሳልወድቅ በገዛ እጄ ላስረክብ አለ። አንጀቴን በላው።

ወንበሩን ልጠግን ብዬ የድሮውን ኮላ በጋለ ቢላ ስፍቅ ጭስ ወጣ። ሽታውን አወቅኩት። የእናቴ መኝታ ቤት ሽታ ነው። ቢላውን እንደያዝኩ ወንድሜ ክፍል ገብቼ፣ የወለቀውን እግር አፍንጫው ስር ደቀንኩለት። አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ።

"የት እንዳስቀመጥኩት አሁን ትዝ አለኝ" አለ።

በቢላው አልወጋሁትም፤ ይህ ይቆጠርልኝ። አባባ ጃጅቻለሁ ብሎ ዕቃውን ሊያድል እንደሆነ ነገርኩት። እሺ አለ። እሺ ነው መልስህ ብዬ ጮህኩበት።

"ምን ልበል እትዬ? አይሰማኝም እኮ።"

እስከ ነገ ጠዋት አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አልኩት። ጣቢያ እኮ ይወስደኛል አለ፤ ይህንንም ያለው የሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ነው። ይውሰድህ ብዬ በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።

ጠዋት ነገረው። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ መጋዙ የት እንዳለ እንደሚናገር ሰው፣ ከሳጥኑ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነገረው። አባቴ አላቋረጠውም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ስለዚህ አላሳረርኩትም?"

"አላሳረርክም አባባ።"

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀ ነበር። እናቴ ከሞተች ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ እጁን አወረደና ወንድሜን አየው፤ ሳቁም ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ተነስቶ ካፖርቱን ለበሰ።

"ጫማህን አድርግ" አለው።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው፤ ይውሰድህ ያልኩት ሴትዮ አሁን በልቤ አይውሰደው እያልኩ። መንገዱ የሚለያይበት ጥግ ላይ ጣቢያው በግራ ነው። አባቴ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ደንበኞች ተሰብስበዋል። እሷ እጇን በጨርቅ አንግታ ተቀምጣለች። አባቴ ቆቡን አውልቆ መሀል ላይ ቆመ።

"አርጅቻለሁ ልጄ። ኮላውን እሳት ላይ ረሳሁት። አእምሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።"

ወንድሜ አፉን ከፈተ። አባቴ ሳያየው ክንዱን ጨብጦ ያዘው፤ ጣቶቹ እስኪነጡ። ከእንግዲህ ወንበር የሚሠራልሽ ይኸው ልጄ ነው አላት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ብቻውን ከቤት እንዳይወጣ መከረችኝ። እሺ አልኳት።

ስንመለስ ወንድሜ ለምን እንዲህ አልክ ብሎ ጠየቀው። አባቴ እየተራመደ፣ "እናትህን ቀብሬያለሁ። ይበቃኛል" አለ። ሰው ሲመጣ ግን የወንድሜን ክንድ እንደ ደካማ ሽማግሌ ተደገፈ።

አሁን አባቴ በሩን ዘግቶ ይሠራል፣ ወንድሜ የተሠራውን እያወጣ ይሸጣል። ሰፈሩ ለአባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየቆረጠ ያወራለታል። እሱም ስማቸውን እንደረሳ ያስመስላል። አንዳንዱን ደህና አድርጎ ያውቀዋል፤ ሆን ብሎ በሰውዬው ወንድም ስም ሲጠራው አይቻለሁ። ወንድሜ የኮላው ሳጥን አጠገብ አይደርስም። እንቅልፍ አጥቷል፣ ያልበዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣኛል። ትቶታል ብዬ ግን አልምልለትም።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ አዲሱን ወንበር ልትወስድ መጣች። አንጓዋ ጠምሞ ነው የገጠመው፤ መቀሱን በግራዋ ለምዳለች። ተቀመጠችበት፣ ወዘወዘችው። አልነቃነቅ አለ። ወደ አባቴ ጎንበስ ብላ ለደንቆሮ እንደሚነገር ጮኸችለት።

"ጋሼ፣ ልጅዎ በልጦዎታል!"

"አዎ" አለ አባቴ ፈገግ ብሎ። "በልጦኛል።"

ሸኝቻት ስገባ ወንድሜን ከኋላ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መዳፉን ደረቱ ላይ ተጭኖታል።

"ምን ሆንክ?"

"አመመኝ።"

"የቱ ጋ?"

ሊያሳየኝ ፈልጎ እጁን አነሳና ቦታው ጠፍቶት መልሶ ደረቱ ላይ አኖረው። ዓይኑ ረጥቧል።

"እሰይ" አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።